ሊስፕ ለመጀመር የትኛውን ልጫን? መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር የተዘጋጀ የኮምፓይለሮች ንጽጽር

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቂሊንጦና ከገላን የሚመጡ አምስት ስድስት ወጣቶች ሳሎኔ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ላፕቶፕ ያለው ይዞ፣ የሌለው ከጓደኛው ጎን ቁጭ ብሎ ሊስፕ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንማማራለን። አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ የትኛውን ልጫን?»

መጠየቁ ትክክል ነው። ፓይተን እማራለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር አውርዶ ይጀምራል። ሊስፕ ግን ጆን ማካርቲ በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤምአይቲ ውስጥ ከጠነሰሰው ወዲህ ብዙ ልጆችና የልጅ ልጆች ያፈራ ቋንቋ ነው። ከልጆቹ ትልልቆቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በ1975 በጋይ ስቲልና በጄራልድ ሰስማን እጅ የተወለደው ስኪም፣ ሌላው ደግሞ በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ የወጣለት ኮመን ሊስፕ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው በርካታ ኮምፓይለሮች፣ ማለትም የተጻፈን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጡ ፕሮግራሞች፣ አሏቸው። እናም ስም እየጠራሁ «ይህ ጥሩ ነው፣ ያ መጥፎ ነው» ከማለቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ፦ የጻፋችሁት ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ እንዲለወጥ የምትፈልጉት መቼና በማን ነው?

ጥያቄው የመጽሐፍ ይመስላል እንጂ የኑሮ ነው። መብራት በሳምንት ሦስት ቀን በሚሄድበት፣ የሞባይል ዳታ በፓኬጅ በሚገዛበት፣ ላፕቶፑም ከወንድም ወደ ታናሽ ወንድም በሚተላለፍበት ሰፈር፣ ኮምፓይለሩ ሥራውን የሚሠራበት ሰዓትና ቦታ ቀናችሁን ይወስነዋል። አንዱ ኢንተር በተጫናችሁ ቁጥር ኮምፓይል ያደርጋል። ሌላው እስክትጠይቁት ይጠብቃል። ሦስተኛው ሥራውን ሲ ለሚባለው ቋንቋ ኮምፓይለር አሳልፎ ይሰጣል። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው በዚህ ዓይን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ኮመን ሊስፖች ናቸው።

ኤስቢሲኤል፦ እየተናገራችሁ ኮምፓይል የሚያደርግ

ላብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ስለሆነ ትንሽ ላቆያችሁ። ኤስቢሲኤል በ1999 መጨረሻ ላይ ዊሊያም ኒውማን ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ኮመን ሊስፕ ገንጥሎ ያወጣው ነው። ስሙ ሲተነተን «ስቲል ባንክ» ይላል፤ ካርኔጊ ሀብቱን ያፈራው በብረት፣ ሜለን ደግሞ በባንክ ነበርና ለወላጁ ስም ማስታወሻ ነው። እስከ ዛሬ በየወሩ አዲስ ስሪት ይወጣለታል። የሊኑክሱ ፋይል ሲወርድ ከአንድ አጭር ቪዲዮ የበለጠ ዳታ አይበላም። ለዊንዶውስም አለ።

ትልቁ ጠባዩ ይህ ነው፦ ጥያቄና መልስ በምንለዋወጥበት መስኮት፣ ሪፕል በምንለው ላይ፣ አንድ ፋንክሽን ስትጽፉ ወዲያውኑ ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ ይለውጠዋል። «ኢንተርፕሬተር ነው ወይስ ኮምፓይለር?» ብለው የሚከራከሩ ልጆች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ፤ ኢንተርፕሬተር ማለት ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ሳይለውጥ እያነበበ የሚፈጽም ነው። የሚያዩት እንደ ኢንተርፕሬተር የሚመልስ መስኮት ነው፤ ከጀርባ የሚሠራው ግን ሙሉ ኮምፓይለር ነው። ካላመናችሁ «ዲስአሰምብል» የሚለውን ትእዛዝ በፋንክሽናችሁ ስም ጥሩት፤ የማሽን ትእዛዞቹን ከነአድራሻቸው ያወጣላችኋል። ከተማሪዎቼ ጋር ይህንን መጀመሪያ ያደረግን ቀን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከስክሪኑ ዓይኑን ያነሳ አልነበረም።

የዚህ ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ኤስቢሲኤል ኮምፓይል ሲያደርግ ስለ ዋጋዎቹ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ስለሚይዛቸው ዳታዎች፣ ዓይነት ያስባል፤ ቁጥር ከሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ ካገኘ ፕሮግራሙ ገና ሳይሮጥ ያስጠነቅቃችኋል። የሰፈራችን እድር መዝገብ በሊስፕ ይሠራ ብለን ስንነሳ አንዲት ተማሪዬ የወሩን ቁጥር ማስገባት ሲገባት «ጳጉሜ» የሚለውን ቃል አስገብታ በላዩ 1 ደመረችበት። ኤስቢሲኤል ፋንክሽኑ እንደተጻፈ፣ ገና ማንም ሳይጠራው፣ ቃሉን ለይቶ «ይህ ቁጥር አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ያንኑ ኮድ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ከታች ለማነሳው ለሲሊስፕ ሰጠነው፤ ዝም ብሎ ተቀበለና ሲሮጥ ወደቀ። የእድር ገንዘብ የብዙ እናቶች ገንዘብ ነው። ስህተቱ የወሩ ስብሰባ ላይ ከሚገኝ ሳሎኔ ውስጥ ቢገኝ ይሻላል።

አሁን ደግሞ የሚያስቸግረውን ልንገራችሁ። ኤስቢሲኤል ሜሞሪ በልቶ የሚያድር ነው። ቆሻሻ ሰብሳቢው፣ ማለትም የማያስፈልገውን ዳታ ከሜሞሪ የሚያጸዳው ክፍል፣ በሕይወት ያሉትን ዳታዎች ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እየገለበጠ ስለሚሠራ፣ ለመገልበጫ የሚሆን ትርፍ ቦታ ይፈልጋል። 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ባላት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘር ተከፍቶ ከጎኑ ትልቅ ፋይል ካነበባችሁ «ሂፕ አለቀ» ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ሂፕ ዳታው የሚቀመጥበት የሜሞሪ ክፍል ነው። ሲነሳ የሜሞሪውን ጣሪያ የምትወስኑበት ቅንብር አለ፤ ግን ከሌለ ማሽን ላይ ቦታ አይፈጥርም። ለሰው የምትሰጡት ነጠላ ፋይል ስትሠሩም መላው ሊስፕ ከነኮምፓይለሩ አብሮ ስለሚገባ፣ ካልታመቀ ከ30 ሜጋባይት ይበልጣል። በፍላሽ ለሚሰጥ ፕሮግራም ችግር የለውም፤ በቴሌግራም ለምትልኩለት ሰው ግን አስቡለት።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ላስተምራችሁ። ሊስፕ ላይ ሥራ የሚኖረው «ኢሜጅ» በሚባለው ሕያው የሜሞሪ ይዘት ውስጥ ነው፤ ፋንክሽን ትጨምራላችሁ፣ ትለውጣላችሁ፣ ፕሮግራሙ ሳይቆም ይቀጥላል። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ምሽት ሙሉ የሠራሁትን በሪፕሉ ላይ ብቻ እየጻፍኩ ወደ ፋይል ሳላወርድ መብራት ሄደ። ሁለቱም ምሽት አብሮ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቤ አንድ ነው፦ ኮድ መጀመሪያ ፋይል ላይ ይጻፋል፣ ከፋይሉ ወደ ኢሜጁ ይላካል። ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ላይ ስላይም የሚባለው መሣሪያ ይህንን በሁለት ቁልፍ ያደርገዋል። ኢሜጁን ራሱን ወደ ዲስክ የሚያስቀምጠው ትእዛዝም አለ፤ ስሙ በአማርኛ «ሊስፕን አስቀምጥና ሙት» እንደማለት ነው፤ እንደ ስሙም አስቀምጦ ይሞታል፣ ወደ ሥራ አይመለስም። ከአንድ በላይ ክር (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) እየሠራ ከሆነ እምቢ ስለሚል፣ ከስላይም ሳይሆን ከባዶ ተርሚናል አዙት።

ሲሊስፕ፦ ለአሮጌ ማሽን

ብሩኖ ሃይብሌና ሚካኤል ሽቶል በ1987 ለአታሪ ኮምፒውተር የጀመሩት ነው፤ በዚያን ዘመን የነበረውን ጠባብ ሜሞሪ ስታስቡ ለምን ቀላል እንደሆነ ይገባችኋል። ከወንድሙ የወረሳትን፣ ቁልፎቿ የተነቃቀሉ ኔትቡክ ይዞ ለመጣ ልጅ የምጭንለት ይህንን ነው። ቶሎ ይነሳል፣ ትንሽ ይበላል።

ሲሊስፕ ኮምፓይል የሚያደርገው ስታዙት ነው። ሪፕሉ ላይ የጻፋችሁት ፋንክሽን መጀመሪያ በኢንተርፕሬተር ይሮጣል። «ኮምፓይል አድርግ» ስትሉት ወደ ባይትኮድ ይለውጠዋል፤ ባይትኮዱን ደግሞ በሲ የተጻፈ ምናባዊ ማሽን ያነበዋል። ስለዚህ በተራ ስሌት ከኤስቢሲኤል በእጅጉ ይዘገያል። በአንጻሩ ኮምፓይል የተደረገው ፋይል ከማሽን ማሽን ይሻገራል፤ ሊኑክስ ላይ የተዘጋጀውን ዊንዶውስ ላይ መጫን ይቻላል። በጣም ረጃጅም ቁጥሮችን ማባዛትም ያውቅበታል። ለተማሪ የሚሰጠው ሌላ ነገር ደግሞ ልዩነቱን በእጅ መዳሰስ ነው። ራሱን እየጠራ እስከ 1,000,000 የሚቆጥር ፋንክሽን ጻፉ፤ ኮምፓይል ሳይደረግ ቁልሉ (ያላለቁ ጥሪዎች የሚመዘገቡበት የሜሞሪ ክፍል) ሞልቶ ይወድቃል፣ ኮምፓይል ስታደርጉት ግን የመጨረሻውን ጥሪ ወደ ዝላይ ለውጦ ያለችግር ይጨርሳል። «ኮምፓይለር ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የአምስት ደቂቃ ማሳያ አላገኘሁም።

ቅር የሚለኝ እድገቱ መዝገሙ ነው። መደበኛው 2.49 ስሪት የወጣው በ2010 ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው አብዛኛው የሙከራ ስሪት ነው። አዳዲስ ላይብረሪዎችም (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው የኮድ ስብስቦች) በኤስቢሲኤል ላይ ተፈትነው ስለሚወጡ፣ ሲሊስፕ ላይ እምቢ የሚሉ ያጋጥሟችኋል። ለመማሪያ እንጂ ለረጅም ጊዜ ሥራ አልመርጠውም።

ኢሲኤል፦ በሲ በኩል የሚሄድ

ታሪኩ ወደ ጃፓን ይወስዳል። በ1984 አካባቢ ታይቺ ዩዋሳና ማሳሚ ሃጊያ ኪዮቶ ውስጥ ሊስፕን ወደ ሲ የሚተረጉም ኮምፓይለር ሠሩ፤ ኢሲኤል የዚያ የዘር ሐረግ ነው። የእናንተን ሊስፕ ወደ ሲ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ማሽናችሁ ላይ ያለውን የሲ ኮምፓይለር ጠርቶ ያስጨርሰዋል። የሲ ኮምፓይለር ሳይኖር ሲቀር በራሱ ባይትኮድ ይሠራል።

ምርጫው ትርጉም የሚኖረው በሲ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሊስፕን ማስገባት ስትፈልጉ ነው። ገላን አካባቢ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ከሚዛን ላይ ንባብ የሚወስድ በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ነበረው። የዋጋውና የቅናሹ ደንብ በየጊዜው ይቀያየራል፤ በተቀየረ ቁጥር ሲውን መነካካት አሰልቺው። ደንቦቹን ብቻ በሊስፕ ጻፍንለትና ኢሲኤልን እንደ ላይብረሪ አስገባነው። በኤስቢሲኤል ይህንን ለማድረግ ብዙ መታገል ይጠይቅ ነበር። ኢሲኤል ወደ አንድሮይድ ስልክም ተሻግሯል፤ ይህ ደግሞ ላፕቶፕ ከሌለው ስልክ ያለው ሰው በሚበዛበት አገር ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋውን በትዕግሥት ትከፍላላችሁ። አንድ ፋንክሽን ኮምፓይል ለማድረግ ሲ ይጻፋል፣ የሲ ኮምፓይለር ይነሳል፣ ይጨርሳል፣ ውጤቱ ተመልሶ ይጫናል። ኤስቢሲኤል ዓይን ሳይርገበገብ የሚጨርሰውን ይህ ቆም ብላችሁ እንድትጠብቁ ያደርጋችኋል። ኢሜጅ ማስቀመጥም አይችልም። እየሞከሩ እየለወጡ ለሚማር ሰው አይመችም። በነገራችን ላይ የተፈጠረውን የሲ ፋይል እንዳያጠፋው ማዘዝ ይቻላል፤ ሲ የሚያውቅ ተማሪ ካላችሁ ፋይሉን ከፍታችሁ አሳዩት፤ ሊስፕ ወደ ምን እንደሚወርድ በሚያውቀው ቋንቋ ያነበዋል።

ፊደላችንን ያነባል ወይ?

የውጭ ንጽጽሮች ይህንን ጥያቄ አያነሱም፤ ለእኛ ግን ቀዳሚ ነው። የትኛውንም ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈትኑ። «ሰላም» የሚለውን ቃል በጥቅስ ምልክት ውስጥ ስጡትና ርዝመቱን ጠይቁት። 3 ካለ ፊደል እየቆጠረ ነው። 9 ካለ ባይት እየቆጠረ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደል በባይት የሚጻፍበት የተለመደ ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛልና። ቀጥሎ የ«ሀ»ን ኮድ ጠይቁት። ትክክለኛው መልስ 4608 ነው፤ 225 ካላችሁ የመጀመሪያዋን ባይት ብቻ ነው ያየው፣ የተርሚናላችሁ ወይም የፋይላችሁ ቅንብር ተሳስቷል።

ከላይ ያሉት ሦስቱ፣ በትክክል ከተቀናበሩና ኢሲኤልም ዩኒኮድን (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠውን ደረጃ) ጨምሮ ከተገነባ፣ ፈተናውን ያልፋሉ። ከስኪሞቹ ቺክን እስከ 5ኛው ዋና ስሪቱ ድረስ ጽሑፍን በባይት ስለሚይዝ ተጨማሪ ላይብረሪ ካልጫናችሁ በቀር 9 ይላችኋል። ኤስቢሲኤል በበኩሉ ለእያንዳንዱ ፊደል 4 ባይት ስለሚመድብ፣ ዲስክ ላይ 9 ባይት የነበረው «ሰላም» ሜሞሪ ውስጥ 12 ይሆናል። ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ የምትመረምሩ ከሆነ ይህንን አስቀድማችሁ አስሉ።

ፊደልን በቁጥር ማየት ከጀመራችሁ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ታገኛላችሁ። የፊደል ገበታችን በዩኒኮድ የተደረደረው በየመስመሩ 8 ቦታ እየተሰጠው ነው፤ ስለዚህ የአንድን ፊደል ኮድ ለ8 አካፍላችሁ የተረፈውን ስታዩ ሥርዓቱን ይነግራችኋል። 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ። «ሰላም» በዚህ መንገድ 0፣ 3፣ 5 ይሆናል። እንደ ቈ ያሉት የራሳቸው መስመር ስላላቸው ለብቻ ይታያሉ። ግጥም ቤት የሚመታበትን ፊደል የሚፈልግ ፕሮግራም አንድ ልጅ በዚህች ስሌት ብቻ ጀምሮታል።

ኮመን ሊስፕ የምትጽፉትን ስም ሲያነብ የላቲን ትንንሽ ፊደሎችን ወደ ትልልቅ ይለውጣል፤ በዚህ የሚደናገሩ ብዙ ናቸው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የሰጣችሁት ስም እንደተጻፈ ይቀራል። ሁለት ነጥቡ «፡» ግን ለአንባቢው ክፍት ቦታ አይደለም፣ እንደ ማንኛውም ፊደል ይቆጥረዋል፤ ቃላቱን በእሱ ከለያችኋቸው ተጣብቀው አንድ ስም ይሆናሉ። ባዶ ቦታ ተጠቀሙ።

ማክሮ (አንድን ኮድ ወደ ሌላ ኮድ የሚዘረጋ ደንብ) ስታውቁ ደግሞ የቋንቋውን ቁልፍ ቃላት ራሳቸውን በአማርኛ መሰየም ትችላላችሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ከሠራነው የቀን መቁጠሪያ ይህችን ተመልከቱ፦

(ግለጽ የጳጉሜ-ቀናት (ዓመት)
  (ከሆነ (= (ቀሪ ዓመት 4) 3)
      6
      5))

በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ በ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜም 6 ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንዲያ ነበር። «ግለጽ» እና «ከሆነ» ማክሮዎች ናቸው፤ ኮምፓይለሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደ እንግሊዝኛው ቃል ተዘርግተው ይጠፋሉ፣ በሩጫ ጊዜ ሳንቲም አያስከፍሉም። «ቀሪ»ን እንደ ተራ ፋንክሽን ብትሠሩት ግን በየጥሪው ትከፍላላችሁ፣ በቦታው እንዲዘረጋ ለኮምፓይለሩ ካልነገራችሁት በቀር። ይህንን ልዩነት አማርኛ ስም በመስጠት ያስተማርኩት ተማሪ አይረሳውም። ሥራ ለሚገባ ሰው ደግሞ እንግሊዝኛዎቹን ስሞች አብሮ ማወቅ ግድ ነው፤ ላይብረሪው ሁሉ የተጻፈው በእነሱ ነው።

ስኪሞቹና ክሎዠር

ራኬት ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ ሰው መልካም በር ነው። ሙሉው ሲወርድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይበላል፤ ነገር ግን ማብራሪያ መጻሕፍቱ ሁሉ አብረው ስለሚጫኑ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። አንድ ሰው ያውርደው፣ ሌላው በፍላሽ ይውሰድ። ከ2021ዱ 8.0 ስሪት ጀምሮ ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሼ ስኪም ነው፤ ሼ ኬንት ዲብቪግ በ1980ዎቹ የጀመረው፣ ሲስኮ በ2016 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ፈጣን ኮምፓይለር ነው።

ቺክን ወደ ሲ ይተረጉማል፣ ውጤቱም ትንሽ ነው። አሠራሩ ግን እጅግ ያስገርማል። የሚጽፋቸው የሲ ፋንክሽኖች ተጠርተው አይመለሱም፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ ቁልሉ ይረዝማል፣ ሲሞላ በሕይወት ያሉት ዳታዎች ወደ ሂፕ ተገልብጠው ቁልሉ እንዳለ ይጣላል። ሀሳቡ በ1995 ሄንሪ ቤከር ካወጣው ጽሑፍ የመጣ ነው።

ክሎዠር የሪች ሂኪ የ2007 ሥራ ነው፤ በጃቫ ምናባዊ ማሽን ላይ ይኖራል። መሥሪያ ቤታችሁ በጃቫ የሚሠራ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ለመነሳት የሚወስደው ጊዜና የሚበላው ሜሞሪ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያማርራል።

ከምንጩ መገንባት ለምትፈልጉ

ኤስቢሲኤል አብዛኛው የተጻፈው በራሱ በኮመን ሊስፕ ስለሆነ፣ ለመገንባት አስቀድሞ የሚሠራ ሌላ ኮመን ሊስፕ ይፈልጋል። ሲሊስፕና ኢሲኤል ግን የሲ ኮምፓይለር ካለ በቂያቸው ነው። አዲስ ዓይነት ማሽን ላይ ከዜሮ የምትነሱ ከሆነ መጀመሪያ ሲሊስፕን ወይም ኢሲኤልን ሠርታችሁ በእሱ ኤስቢሲኤልን ትገነባላችሁ። መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1962 ቲም ሃርትና ማይክ ሌቪን የሊስፕን ኮምፓይለር በሊስፕ ጽፈው፣ በነበረው ኢንተርፕሬተር አማካይነት ኮምፓይለሩን ራሱን ኮምፓይል እንዲያደርግ አድርገውታል። ግንባታውን የጀመራችሁት በላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሙሉ፤ መሀል ላይ ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ለኮመን ሊስፕ ላይብረሪ ለማውረድ ኩዊክሊስፕን ተጠቀሙ። የጠየቃችሁትን ላይብረሪና እሱ የሚፈልጋቸውን ብቻ ያመጣል፤ የመረጣችኋቸውን በአንድ አቃፊ የሚያሽግ ትእዛዝም አለው። እኛ ቤት አንድ ሰው በሌሊት ፓኬጅ አውርዶ ያሽጋል፣ ቅዳሜ አቃፊው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

የራሳችሁን ሊስፕ ልትሠሩ ከሆነ

በየዓመቱ ከልጆቹ አንዱ «እኔ የራሴን ልሥራ» ይላል፤ እኔም እሺ ከማለት ወደኋላ አልልም። ከሌሎች ቋንቋዎች ሁሉ ሊስፕን መሥራት የሚቀለው ኮዱ ራሱ ዝርዝር ስለሆነ ነው፤ ቅንፍ የሚያነብ አንባቢ ከጻፋችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ማካርቲ በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ላይ የሊስፕን ኮድ የሚፈጽም «ኢቫል» የሚባል ፋንክሽን በራሱ በሊስፕ ጻፈ። ስቲቭ ራስል ያንን አይቶ በእጁ ወደ አይቢኤም 704 ማሽን ቋንቋ ለወጠው፤ የመጀመሪያው የሊስፕ ኢንተርፕሬተር በዚህ ተወለደ። «ካር» እና «ኩደር» የሚባሉት እንግዳ ስሞችም የዚያ ማሽን ቅሪቶች ናቸው።

ምርጫው እንግዲህ ኢቫላችሁ ምን ይሁን ነው። ዝርዝሩን እየተከተለ በየጊዜው የሚፈጽም ኢንተርፕሬተር በሁለት ቅዳሜ ያልቃል፤ ግን አንዱን መስመር 1,000 ጊዜ ሲያዞር 1,000 ጊዜ ያንኑ ዝርዝር እንደ አዲስ ይመረምራል። ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ብቻ መርምሮ በፋንክሽን ውስጥ የተቀመጠ ፋንክሽን አድርጎ የሚያስቀምጠው ስልት ሥራው ትንሽ ነው፣ ፍጥነቱም በግልጽ ይታያል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛ እርምጃ እሱ ነው። ባይትኮድ ከዚያ ይከተላል፣ ኮዳችሁን በፍላሽ ለማስቀመጥና ለሌላ ማሽን ለማሻገር ይመቻል። ወደ ሲ መተርጎም ፍጥነቱን በነጻ ያመጣላችኋል ብላችሁ አትጀምሩት፤ ሲ የመጨረሻ ጥሪን ወደ ዝላይ ለመለወጥ ቃል አይገባላችሁም፣ ስኪም ደግሞ በሕጉ ይጠይቃል። ቺክን ያን ሁሉ ዘዴ የፈጠረው ለዚህ ጭምር ነው።

ወደ ማሽን ቋንቋ በቀጥታ ለሚወርድ ደፋር ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው የዋጋዎች መለያ ነው። አንድ 64 ቢት ቃል ቁጥር ይሁን ወይስ የዝርዝር አድራሻ በምን ታውቃላችሁ? የተለመደው መንገድ ከታች ያሉትን ቢቶች ለመለያ መቁረጥ ነው። የኤስቢሲኤል ትንንሽ ኢንቲጀሮች በ64 ቢት ማሽን ላይ 4611686018427387903 ላይ የሚያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሂፕ ላይ ቦታ ተሰጥቶት እንደ ረጅም ቁጥር ይኖራል። መለያውን ከወሰናችሁ በኋላ መለወጥ ኮዱን ሁሉ መንካት ነውና፣ ቁልፍ ሰሌዳ ሳትነኩ በወረቀት ላይ ሣሉት፤ መብራት ባይኖርም ይሠራል።

ባለፈው ዓመት የራሱን የጀመረው ልጅ አሁን ማክሮ ላይ ደርሷል። የጻፈው በኤስቢሲኤል ነው፣ የሚፈትነው ግን በዚያችው ቁልፎቿ በተነቃቀሉ ኔትቡክ በሲሊስፕ ላይ ነው፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ ብቻ ወደ ፍላሹ ይገለብጠዋል።